የሞተሩ እግር

ትናንት ከፒያሳ ቁልቁል ስወርድ፣ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ አንድ ሰው የጋለ ብረት በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነከረ። ሰውየውንም ብረቱንም አላየሁም። መጀመሪያ ጭስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ስብ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ አልወርድም የሚል ሽታ። እግሬ ቆመ። ከኋላዬ ጭድ የተሸከመች ሴት፣ «ምነው ልጄ፣ መንገድ መካከል ይቆማል?» ብላ በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ አለፈች።

እኔ ግን መንገዱ ላይ አልነበርሁም። በአባቴ ግቢ፣ በተከፈተው ኮፈን ፊት፣ እናቴ ትቀራለች ወይስ ትሄዳለች እያልሁ ትንፋሼን ይዤ ቆሜ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ማኪናው ግን ቀርቷል። አባቴ ታረቀኝ በወረራው ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ብሎን አጥባቂ ሆኖ ሠርቷል። ጌቶቹ ሲሸሹ ጎማ አልባ ሆና የተጣለች አንዲት ትንሽ ማኪና አግኝቶ፣ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ አስነሣት። ከዚያ ወዲያ ስሙ ተለወጠ። ታረቀኝ መባሉ ቀርቶ «ሹፌሩ» ሆነ። ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ኮላ ድባ ገበያ ሰው ያመላልሳል፤ በየመንገዱ ገበሬ ባርኔጣውን ያነሣለታል። የኮላ ድባ ሰዎች ልጃቸውን፣ እናቴን እናኑን፣ የሰጡት ለዚህ ለሚነሣው ባርኔጣ ነበር ማለት ይቻላል።

እኔ የፊት ጥርሶቼ በወለቁበት ዓመት፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ አባቴ ከአዘዞ በእግሩ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«ሞተሩ ሞተ» አለ፣ ገና ከበሩ።

ሞተር የተባለው ስለሚሞት ነው ብዬ የማስብ ልጅ ስለነበርሁ አልገረመኝም። የገረመኝ እናቴ ደረቷን መያዟ ነው።

«ሌላ ይገባበታል» አላት።

«ሰውም ሲሞት ሌላ ይገባበታል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

ማኪናዋን በበሬ አስጎትቶ ግቢያችን አስገባት። በከተማው ያለው ጋራዥ «ይህን ያረጀ ቆርቆሮ አንነካም» ብሎታል። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ አዲስ ሥሪት መኪና ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ፣ አባቴ ከገደሉ ለማውጣት ከሄዱት ሰዎች ጋር ሰንብቶ ተመለሰ። የድካሙ ዋጋ የመኪናው ሞተር ሆነ። በጭነት መኪና መጥቶ በጭድ ላይ ሲወርድ አየሁት። የእኛው ዝገት ለብሶ ጥቁር ነበር፤ ይህ ግን አረንጓዴ ቀለሙ ገና አልለቀቀም። ጎበዝ አማች ይመስል ነበር።

አሮጌው በወጣበት ቀን የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ መጡ። ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸው ላይ ታስሮ በማኪናዋ ላይ ቆመ፤ ገመዱ በላዩ አለፈ፤ ሰዎቹ ጎተቱ። ሞተሩ ዘይት እያንጠባጠበ ከኮፈኑ ሥር ብቅ ሲል አንዱ፣ «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው «አዋላጇን ጠይቅ!» አለና ገመዱ በሳቅ ሊያመልጣቸው ደረሰ። የጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጠላ በእንስራ ይዘው መጡ። አዲሱም በዚያው ገመድ ተንጠልጥሎ ወረደ።

ወረደ እንጂ አልተቀመጠም። አባቴ ማኪናዋ ሥር ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ፊቱን አየሁት።

«እግሩ አይደርስም» አለ።

ሞተር በአራት የብረት እግር ማኪናው ላይ ተቀምጦ እንደሚታሰር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። የአዲሱ እግሮች የተሠሩት ለሌላ ማኪና አካል ነው፤ ከእኛዋ ጋር በጣት ልክ አይገናኙም። አባቴ ሞተሩን በእንጨት ደግፎ አስቀመጠው። ሰዎቹ ጠላቸውን ጨርሰው ሄዱ። እንደዚያ ተሰብስበው ሲመጡ የመጨረሻቸው ነበር።

በሳምንቱ አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የብረት ሠሪዎች መንደር ተመለሰ። ትከሻው ላይ በጋቢው የሸፈነው ነገር ነበረ፤ ግን የፍየል ቆዳ እግር ከጋቢው ሥር ተንጠልጥሏል። እናቴ ባየችው ጊዜ የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ።

«ወናፍ ነው?»

«ወናፍ ነው።»

«ብረት ሠሪው ራሱ እግሩን ሠርቶ አይሰጥህም?»

«ብረቱን አግዬ ማኪናዋ ላይ ለክቼ፣ እንደገና አግዬ፣ እንደገና ለክቼ ነው የሚሆነው። ማኪናዋን ተሸክሜ እሱ ቤት ልሂድ?» ከዚያ ለማሳቅ ብሎ ጨመረ፦ «ሽማግሌው እንኳ መከረኝ። ‹ልጅ ካለህ ግቢህ ውስጥ አትትከለው፤ እኛ ተወልደንበት ነው የቻልነው› አለኝ።»

እናቴ አልሳቀችም። «እሱ ከአንተ ይሻላል» ብላ ገባች።

በእኛ አገር ጠይብ የሚለው ቃል ብረት ሠሪ ማለት ብቻ አይደለም። ቃሉ ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማረሻውን እሱ ይሠራለታል፤ ቢላውን እሱ ይሠራለታል፤ ገበሬው ግን ከእሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም። በዓይኑ ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይላል። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ወናፉ በተተከለ ሰሞን ነው፤ የሰማሁትም ከእትዬ ዘነቡ ልጅ ከሙሉ ነው።

«አባትሽ እኮ ጅብ ሊሆን ነው» አለችኝ፣ በአጥሩ ቀዳዳ። በክፋት አልነበረም፤ እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ። «መጀመሪያ ዓይኑ ይቀላል።»

የአባቴ ዓይን ቀይ ነበር። ከፍሙ ፊት ውሎ ሌላ ምን ሊሆን? እኔ ግን ያን ማታ እራት ላይ ጥርሱን ስቆጥር ሽሮዬ ቀዘቀዘ። በማግሥቱ ከምድጃው አመድ አፍሼ በራችን ላይ በተንሁ። ማለዳ ከሁሉ ቀድሜ ተነሥቼ አየሁት፤ አመዱ ላይ የጎማ ጫማው ምልክት ጥርት ብሎ ታትሟል። ጅብ በረባሶ አያደርግም ብዬ ከደስታዬ ብዛት ዘለልሁ። ደስታዬ እስከ ቁርስ ብቻ ቆየ። ቁርስ ላይ፣ ውጭ ወጥቶ ጫማውን ያወልቅ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

እትዬ ዘነቡም ተለወጡ። አንድ ቀን ደጃቸው ላይ ዳቦ ሲበሉ አባቴ አለፈ፤ ቶሎ ብለው ነጠላቸውን በራሳቸውም በዳቦውም ላይ ጣሉ።

«እትዬ ዘነቡ፣» አለ አባቴ ቆም ብሎ፣ «እኔ ነኝ የማስፈራዎት ወይስ ዳቦው ሳይበስል ቀርቶ አፍረው ነው?»

ከነጠላው ሥር ትንሽ ሳቅ ሰማሁ። ነጠላው ግን አልተነሣም። አባቴ ግቢ ገብቶ መዶሻውን አነሣ፤ የዚያን ቀን ምቱ ከሌላው ቀን ይበረታ ነበር።

እናቴ በአጥሩ በኩል ብርድ ልብስ ሰቅላ ምድጃውን ሸፈነችው። ወደዚያ ጥግ አትሄድም፤ ምሳውን የምትልክለት በእኔ ነው። «ንገሪው፣ ቀዝቅዟል በይው» ትለኛለች፤ «ንገሪያት፣ መጣሁ በያት» ይለኛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግን ከማኪናዋ ቁመት አይበልጥም ነበር።

በዚህ መካከል ነው አያ ደምሌ የመጣው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከኮላ ድባ በበቅሎ ወጣ። ረጅም፣ ጋቢው ሁልጊዜ ነጭ፣ ሲቆጣ የማይጮህ ሰው ነው። የማይጮህ መሆኑ ነበር የሚያስፈራኝ። ብርድ ልብሱን በዱላው ገለጥ አድርጎ አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ወናፍ ነው፣ አያ ደምሌ» አለ አባቴ።

«ወናፍነቱንማ አውቀዋለሁ። እዚህ ምን ያደርጋል ነው ያልሁ።»

«ይተነፍሳል።»

ቀልዱ ቦታው አልነበረም። አያ ደምሌ ብርድ ልብሱን ቀስ ብሎ መለሰው።

«ስማኝ ታረቀኝ። እኛ እህታችንን የሰጠነው ለሹፌር ነው። ገበያው ሁሉ ያወራል፤ ‹የደምሌ አማች ብረት ይቀጠቅጣል› ይባላል። ወንድ ልጄን ልድር ነው፤ ያጨኋት ልጅ አባት ትናንት ዘራችንን ጠየቀኝ። እኔን! በአባቴ አገር!» ጉሮሮውን ጠረገ። «ገና ሲቃረብ እመጣለሁ። ያን ቀን ማኪናው ከተነሣ ሹፌር ነህ። ካልተነሣ ጠይብ ነህ። ለጠይብ የሰጠነው ሰው የለንም፤ እሷንም ልጅቱንም ይዤ እወርዳለሁ።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ከዚያ ወዲያ ቀኖቹ ሁሉ የመዶሻ ድምፅ ሆኑ። አባቴ ወናፉን በግራ በቀኝ እየነፋ ፍሙን ያነድዳል፤ ከዚያ ሮጦ ብረቱን በጉጠት ያወጣል፤ ይመታል፤ ማኪናዋ ሥር ገብቶ ይለካል፤ ይመለሳል። ብቻውን ስለሆነ ብረቱ መንገድ ላይ ይቀዘቅዝበታል። ሲረግምም እሰማለሁ፤ የሚረግመው በጣሊያንኛ ስለሆነ እየጸለየ ይመስለኝ ነበር። አንድ እግር ሆነ። ሁለተኛው ሆነ። እኔም ምልክት እጠብቃለሁ፤ እናቴ የልብስ ሳጥኗን ከፈተች፤ የሐር ጥለት ያለውን ቀሚሷን ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ የእኔንም አጥባ አጠፈች። ለገና ነው ወይስ ለመንገድ? ብጠይቃት «ልብስ ነው» አለችኝ።

ገና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ጠዋት፣ በቅሎዋ በራችን ላይ ቆመች።

አራቱም እግሮች ታስረው ነበር፤ የጢስ ማውጫው ቱቦ ብቻ ከአዲሱ ሞተር ጋር አልገጥም ብሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። አያ ደምሌ በቅሎዋን ከአጥሩ አሰረና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እስኪ» አለ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ የያዘ መስሎ ቆሟል፤ እትዬ ዘነቡም ያንኑ አንድ ቅጠል ደጋግመው ይጠርጋሉ።

አባቴ ማስነሻ ብረቱን ከማኪናዋ ፊት ሰክቶ ዞረ። ምንም። እንደገና ዞረ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። በሦስተኛው ነጎደ፤ እኔ ጮህሁ፤ ማኪናዋ ከጥግ እስከ ጥግ ተንቀጠቀጠች። በዚያው ቅጽበት ከሥር ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ፤ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን አዘመመ። አባቴ ዘሎ ገብቶ አጠፋው።

ማኪናዋ ሥር ገብቶ ሲወጣ ለሁለት የተሰበረ የብረት እግር ይዞ ነበር።

«ይህኛው ቀጭን ነበር» አለ፣ ለራሱ። «ወፍራም ይፈልጋል። ወፍራሙን ደግሞ ለብቻዬ...» ቀና ብሎ ወደ አጥሩ ተመለከተ። «ወናፉን የሚነፋልኝ አንድ ሰው። ለአፍታ ነው። ጎበዝ!»

እኒያ ገመድ የጎተቱ፣ «ወንድ ነው ሴት?» ያሉ ሰዎች አጥሩ ማዶ ነበሩ። አንዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሌላው ሰማይ አየ። ለገመድ ይመጣሉ፤ ለወናፍ ግን ማንም አይመጣም።

አያ ደምሌ ተነሣ። ያዘነ ይመስል ነበር፤ ይህን አሁን ሳስታውሰው ነው የማየው። «እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አለ። «እናኑ፣ ልብስሽን ያዥ። ልጅቱንም አልብሻት።»

እናቴ ቤት ገባች። የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ፤ ሲዘጋም ሰማሁ። አባቴ ብረቱን እንደያዘ ቀረ። እኔ ከማን ጋር እንደምቆም አላወቅሁም፤ ማኪናዋን ተደገፍሁ፤ ቆርቆሮው ገና ሙቅ ነበር።

ወጣች። የያዘችው ነገር አልነበረም። የለበሰችው ግን የቤት ውስጥ አሮጌ ቀሚሷን ነው፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች። በወንድሟ ፊት አለፈች። ብርድ ልብሱን ከአጥሩ አውርዳ ጣለችው፤ ሁሉም ሰው ምድጃውን አየ፤ ወናፉ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሁለቱን የቆዳ ከረጢት በሁለት እጇ ያዘች።

«አንዱ ሲሞላ አንዱን ነው የምጫነው?» አለች።

አባቴ ወደ ፍሙ ቀረበ። ከስንት ጊዜ በኋላ እሱን በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ያነጋገረችው ያን ጊዜ ነበር። «አዎ» አለ። «ቀስ ብለሽ። አታቋርጭ።»

«እናኑ!» አለ አያ ደምሌ።

እሷ ነፋች። መጀመሪያ አመዱ ብቻ ተነሥቶ ፊቷን ሸፈነው፤ አስነጠሳት፤ ከዚያ ፍሙ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ። አባቴ ወፍራሙን ብረት አስገባ። «ጨምሪ» ይላል፤ ትጨምራለች። «በቃ» ይላል፤ ታቆማለች። መቺና ነፊ ሆነው ሲሠሩ፣ ያን ሁሉ ሳምንት የተዘጋው አፋቸው በሁለት ቃል ተከፈተ። ላቧ በአመዱ ላይ መንገድ አወጣ። ብረቱ በዘይቱ ውስጥ ሲነከር ትናንት የሸተተኝ ጢስ ግቢውን ሞላው፤ አያ ደምሌ በነጭ ጋቢው አፍንጫውን ያዘ። ግን አልሄደም። ለምን እንዳልሄደ እንጃ።

እግሩ ገባ፤ ታሰረ። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ዞረ።

ሞተሩ ያለ ጢስ ማውጫ ቱቦ ሲነሣ እንዴት እንደሚጮህ ያልሰማ ሰው አያውቀውም። ሰማይ የተቀደደ መሰለኝ። የአያ ደምሌ በቅሎ ገመዷን በጥሳ ቁልቁል ነጎደች፤ ልጆች ተከተሏት፤ እትዬ ዘነቡ መጥረጊያቸውን ጥለው አማተቡ። ማኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፤ ሞተሩ ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አባቴ መሪው ኋላ ገባ፤ በሩን ክፍት እንደተወው። ሊያጠፋው አልደፈረም፤ ቢጠፋ ይነሣ አይነሣ ማን ያውቃል?

አያ ደምሌ ወደ ማኪናዋ ቀረበ። ፊቱ ተፈቷል። «ሹፌር ነህ!» አለ፤ ከከንፈሩ ነው ያነበብሁት። «ሸጋ! ሸጋ!» ብሎ ኮፈኑን በመዳፉ መታ። በቅሎ ስለሌለውም ይሁን ስለደስታው፣ ሊሳፈር እግሩን አነሣ።

እናቴ በሩ ላይ ቆመችበት። ፊቷ ጥቁር ነው፤ እጇ ጥቁር ነው።

«እሱ ሹፌር ነው!» ብላ ጮኸች፤ ሳይጮኹ መነጋገር አይቻልም ነበር። «እኔስ፣ አያ? ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ። እኔን ምን ትለኛለህ?»

«ተይ አሁን! ሰው ይሰማል!»

«ጠይብ ብሆንስ እህትህ ነኝ?»

አያ ደምሌ ወደ አጥሩ አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። እንደ ልማዱ፣ ሳይጮህ።

«አልሰማሁም!» አለች።

እንደገና ተናገረ። ሞተሩ ዋጠው።

«አልሰማሁም፣ አያ!»

የአጎቴ ደረት ተነፋ። ዕድሜውን ሁሉ ጮሆ የማያውቀው ሰው ጮኸ፤ ድምፁ ከአጥሩ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ በቅሎዋን የያዙት ልጆች ሳይቀሩ ዞር አሉ።

«ነሽ! ብትሆኚም እህቴ ነሽ! ብትሆኚም!»

እኔ ቁመቴ አጭር ስለነበር፣ በተከፈተው በር ሥር ማንም ያላየውን አየሁ። የአባቴ ቀኝ እግር ያን ጊዜ ሁሉ ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦት ነበር። አጎቴ ከጮኸ በኋላ ቀስ ብሎ አነሣው፤ ሞተሩም ዝግ ብሎ መዞር ጀመረ።